ቀዳዳውን ያየ ሰው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ እስኪደርስ ድረስ ዓይኑ የሚያርፈው በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በበጋ ሲያዩት ጠፍጣፋና ዝምተኛ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ አፈርና ውሃ ጠርገው ይወርዱና ጣና ከመድረሳቸው በፊት ሜዳውን የራሳቸው ሊያደርጉት ይቃጣቸዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ውሃው ከወሰኑ አልፎ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ አገር የወንዝ ዳር የአፈር ግድብ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ግድቡ የሚነካው የአንዱን ማሳ ቢሆንም፣ ከተሸነቆረ ውሃው የሚገባው በሁሉም ቤት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው በሌሊት ሲያልፍ በግድቡ ላይ ትንሽ ሽንቁር አየ እንበል። ምን ዕዳ አለበት? ለፎገራ ገበሬ ይህ ጥያቄ እንኳን አይባልም። ይጮኻል፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ አካፋና ዶማ ይወጣል። በጩኸቱ የሚጎዳ ማንም የለም። ጎርፍ ጆሮ የለውምና ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ቀዳዳው አይሮጥም።

ዛሬ ግን ሕይወታችን የተጠጋበት ሌላ ግድብ አለ። የዚህኛው ጎርፍ ጆሮ አለው። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒዩተርም ሆነ የእጅ ስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚባል ዋና አስተዳዳሪ ፕሮግራም ይሠራል። የቀሩት ፕሮግራሞች ሁሉ በዚህ አስተዳዳሪ ትከሻ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከእነዚህ አስተዳዳሪዎች መካከል አንዱ ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ እየጨመሩበት እዚህ ደርሷል። የሌላው ዓይነት ሶፍትዌር ባለቤት የሥራውን ምስጢር ቆልፎ ሲሸጥ፣ የሊኑክስና የመሰሎቹ ጽሑፍ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ይቀዳዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ይሰጠዋል። ዋጋ አይጠየቅበትም።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ ኪሱን ይፈትሽ። አንድሮይድ የሚባለው የእጅ ስልክ ሁሉ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ የሚልክና የሚቀበል የወረታ ሩዝ ነጋዴ፣ ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳያውቀው በዚህ የጋራ ግድብ ተጠግቷል። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ የሚሰበስበውን መረጃ የሚያጠናቅርበት ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያችንም የተመሠረተው በሕንድ አገር፣ ባንጋሎር በተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ስማችን፣ የጣት አሻራችን፣ የሕመማችን መዝገብ፣ ገንዘባችን ከዚህ ግድብ ጀርባ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሰው የሠራው ነገር ቀዳዳ አያጣም። በሚሊዮን በሚቆጠር መስመር የተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ስሕተት ተገኘ ቢባል የሚደንቅ አይደለም። ስሕተቱ ሌባ የሚያስገባ በሆነ ጊዜ ቀዳዳ ይባላል። አዋቂዎቹ ቀዳዳውን የሚደፍን መጠገኛ ይጽፉና ለተጠቃሚው ይልካሉ። ስልካችን በየጊዜው «አዲስ ማሻሻያ አለ» እያለ የሚነዘንዘን ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ነው።

ታዲያ ቀዳዳውን መጀመሪያ ያየው ሰው ምን ያድርግ? እንደ ፎገራው ገበሬ ቢጮኽ ጩኸቱን ጠጋኙ ብቻ ሳይሆን ሌባውም ይሰማዋል። መጠገኛው ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ ወደየቤቱ እስኪደርስ ቀናት ምናልባትም ወራት ይፈጃል፤ ሌባው ግን ለመግባት ሰዓታት ይበቁታል። ጩኸቱ ራሱ የጎርፉ መሪ ሊሆን ነው። ዝም ቢልስ? ቀዳዳው እዚያው ነው። እሱ ያየውን ሌላ ሰው አያየውም ብሎ የሚምልለት ማን ነው?

ይህ ጥርጣሬ የፈሪ ሰው ቅዠት እንዳልሆነ ያሳየን እ.ኤ.አ. የ2014 ዓመት ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚቆልፍ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ክፍት ሶፍትዌር አለ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር በውስጡ ትልቅ ቀዳዳ መኖሩ ተገለጠ፤ ሃርትብሊድ የሚል ስምም ወጣለት። በጎግል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያና የአንድ የፊንላንድ ኩባንያ ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ በተቀራራቢ ጊዜ፣ ያንኑ አንድ ቀዳዳ አግኝተውት ነበር። ሁለት ቅን ሰዎች በየፊናቸው ያገኙትን፣ ሦስተኛው ሰው ቀድሞ አላገኘውም ለማለት ምን ማስረጃ አለን? ሦስተኛው ደግሞ ቅን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ዝምታ ጥንቃቄ መስሎ ቢታይም፣ በሌላው ሰው ዕጣ መቆመር ነው።

ከዚህ ጭንቀት የተወለደው መካከለኛ መንገድ ለእኛ ለሽምግልና ልጆች እንግዳ አይደለም። ቀዳዳውን ያየ ሰው አስቀድሞ ለጠጋኙ በጆሮው ይነግረዋል፤ ቀንም ይቆርጥለታል። ጎግል ቀዳዳ እንዲፈልጉ ያሠማራቸው ባለሙያዎች በተለምዶ የሚሰጡት ቀነ ገደብ 90 ቀን ነው። ቀኑ ሲሞላ፣ ተጠገነም አልተጠገነም፣ ነገሩ ለአደባባይ ይወጣል። መጀመሪያ በምስጢር መምከር፣ ባይሰማ በሸንጎ መናገር እንደ ማለት ነው። የምስጢሩ ዓላማ የጠጋኙን ስም ለመሸፈን ሳይሆን ከግድቡ ሥር የተኙትን ለመጠበቅ ነው። ቀኑ የሚቆረጠውም ምስጢሩ ወደ መሸፋፈን እንዳይለወጥ ነው።

ቀዳዳን አይቶ ለራስ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በሌላ አጋጣሚ አይቶታል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ድርጅት በዊንዶውስ ውስጥ ያገኘውን ቀዳዳ ለስለላ ሲል ለራሱ ይዞ ቆየ። መሣሪያው ተሰርቆ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች የበሽተኛ መዝገብ መክፈት ተሳናቸው፣ ቀጠሮ ተሰረዘ። ልብ በሉ፣ ዊንዶውስ ክፍት ሶፍትዌር አይደለም፤ የተቆለፈ ነው። መቆለፉ ግን አላዳነውም። አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ፤ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ያወጣው በመጋቢት፣ ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

በእኛ አገር የተከሠተ ፈተናም አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተናጋና ሰዎች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት የተዛመተው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነበር። ቀዳዳውን ያየ ለጓደኛው ደወለ፤ ጓደኛውም ለጓደኛው። ለባንኩ የደወለ ይኖራል፤ ወደ ማሽኑ ያመራው ሰልፍ ግን ይበልጥ ጎልቶ ታየ። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመለሰ፤ ጥያቄው ግን አብሮ አልተመለሰም። «በሩ ክፍት ነበር» ማለት ፈቃድ ነውን? ጎረቤቱ በሩን ሳይዘጋ ያደረበትን ቤት «ክፍት ነበር» ብሎ የሚመዘብርን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን። ቤቱ ባንክ፣ በሩም ማሽን ሲሆን ስሙ ለምን ይለወጣል?

በአንጻሩ፣ ቅን ሆኖ ቀዳዳ የሚጠቁመውን ሰው እንዴት እንደምንቀበለው መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ማድረጉም ትክክል ነው። ነገር ግን መዝጊያው መላላቱን ለማወቅ ገፋ አድርጎ ያየና ለባለቤቱ የጠቆመ ወጣት ተከሳሽ ይሁን ወይስ ተመስጋኝ? ይህን በግልጽ ያልመለሰ አገር ልጆቹን ዝምታ ያስተምራቸዋል፤ በዝምታቸው ውስጥ ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል። ሕግ ሌባውን ከጠቋሚው የሚለይበት ወንፊት ሊኖረው ይገባል።

እስካሁን ያወራነው ስላየው ሰው ዕዳ ነው። ስለ ጠባቂውስ? ስለ ክፍት ሶፍትዌር ከሚነገሩት ውዳሴዎች ዋነኛው፣ ሁሉም ሊያነበው ስለሚችል ስሕተቱ አይደበቅም የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። የሃርትብሊድ ቀዳዳ ሁለት ዓመት ያህል በአደባባይ ተሰጥቶ ነበር። ባሽ በሚባለው ሌላ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ የተገኘው ሼልሾክ የተባለ ቀዳዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2014፣ 25 ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ኖሯል። ማንም ሊያየው ይችላል ማለት ሰው አይቶታል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ብሎ የሚያልፈው ነገር ማንም ያላየው ሆኖ ይቀራል። «ካለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ» የተባለው ለዚህ ነው።

ባለቤቱስ ማን ነበር? የዓለም ባንኮችና ሱቆች የሚተማመኑበትን ኦፕን ኤስ ኤስ ኤልን የሚጠብቁት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ በዓመት በልግስና የሚያገኙትም ወደ 2000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ብቻ ነበር። ከነእሱ ድካም በቢሊዮን የሚያተርፉት ኩባንያዎች እጃቸውን ወደ ኪሳቸው የሰደዱት ጎርፉ ከገባ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የአገራችን ገበሬ ሁለት ዓይነት የጋራ ሥራ ያውቃል። ደቦ አለ፤ ደጋሹ ጠላውን ጠምቆ ይጠራል፣ ሰው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይበተናል። ወንፈል ደግሞ አለ፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ ማሳ የሚባልበት፣ ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ነው። ክፍት ሶፍትዌርን ዓለም የያዘው እንደ ደቦ፣ ያውም ድግሱን ራሳቸው ሠራተኞቹ እንደሚደግሱበት ደቦ ነው። መያዝ የነበረበት ግን እንደ ወንፈል ነው። በነፃ የተሰጠ ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው። ያንን የተቀበለ ሰው በገንዘብ ባይሆን በጉልበት፣ በጉልበት ባይሆን በመጠቆም፣ እሱም ባይሆን የተላከለትን መጠገኛ በጊዜው በመቀበል ይመልስ ዘንድ ይገባል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ባለዕዳ፣ ወደ ተጠቃሚው ያደርሰናል። ዋናክራይ ሲመጣ መጠገኛው ከሁለት ወር በፊት በእጅ ነበር ብለናል። ብዙ ሰው ግን «ነገ» እያለ አሳደረው። «ስልኩ የእኔ፣ ኮምፒዩተሩ የእኔ፣ ባድሰው ባላድሰው ማን አገባው?» የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ነፃነት ይመስላል። ሆኖም ያልተጠገነ ኮምፒዩተር የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። ሌባው ገብቶበት ወደ ሌላው ቤት ይሸጋገርበታል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭም «በእኔ በኩል ትንሽ ናት» ተብላ የተተወች አረም በማን ደጅ እንደምታድር አስተምሮናል። በፎገራ ሜዳ የራሱን ማሳ የሚነካውን ግድብ አልጠግንም የሚል ሰው ነፃነቱን የሚለማመደው በጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን እንዳይቸኩል። ሰው ሊያደርገው በማይችለው ነገር አይወቀስም። አንድሮይድ ስልክ የሠራው ፋብሪካ ስልኩን ከሸጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጠገኛ መላኩን ያቆማል፤ ገዢው ግን ሌላ ስልክ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ማሻሻያ ለማውረድ የሚከፈለው የኢንተርኔት ዋጋ ለአንዱ ቁም ነገር ባይሆንም ለሌላው የእለት እንጀራ ነው። ከዚህም በላይ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። የሐሙሲትና የወረታ ሰው መጠገኛ ልቀበል ቢል በምን በኩል ይቀበል? ስለ ኢንተርኔት መዘጋት ሲነሣ የሚነገረው ስለ ንግድና ስለ ወሬ ነው። ግድቡ ሳይጠገን መክረሙ የሚታሰበው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የዕዳው ክብደት በእያንዳንዱ አቅም መጠን ይለካል፤ መንገዱን የዘጋና ስልኩን ሠርቶ የተወ ከገበሬው ይበልጥ ይጠየቃል።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። መጠገኛ ተቀበሉ እያልን ስንመክር፣ መጠገኛው ራሱ መርዝ ቢሆንስ? ይህ በኢትዮጵያውያን ላይ ደርሷል። በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የጥናት ተቋም በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎች በኢሜይል መልእክት እየተጠሩ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ የሚመስል ፕሮግራም እንዲጭኑ ይደረግ እንደነበር አጋልጧል። ፕሮግራሙ የስለላ መሣሪያ ነበር። ይህን ያደረገ ሰው የበደለው የሰለላቸውን ብቻ አይደለም። «ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ራሱን አርክሷል። ሐኪም መስሎ መርዝ የወጋ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ በሽተኛ አያበቃም፤ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ መርፌ ይፈራል።

በክፍት ሶፍትዌር መንደርም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። ኤክስ ዜድ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ፣ ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሰውዬው ደክሞት ነበር። ሌሎች ደግሞ «ዘገየህ» እያሉ በደብዳቤ ያጣድፉት ያዙ። በዚህ መካከል ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ «በጎ ፈቃደኛ» ብቅ አለ፤ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና አገለገለ፣ ታመነ፣ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በማሻሻያው ውስጥ የሌባ በር ደብቆ አወጣ። በሩ ወደ ብዙው የሊኑክስ ዓለም ከመዛመቱ በፊት የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ቅር ብሎት ምክንያቱን ስለመረመረ ነው። ግማሽ ሴኮንድ! ብዙዎቻችን ግማሽ ቀን ቢዘገይ እንኳን «ኔትወርክ ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ማንንም አትመን የሚለውን ከሆነ ተሳስተናል። የፎገራ ገበሬ ዘር ከጎረቤቱ ሲለዋወጥ ነው የኖረው። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ሜዳውን የሞላው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ለረጅም ዓመታት በዚሁ መንገድ ነግሦ ኖሯል። ነገር ግን ዘር ሲቆይ ይደባለቃል፣ በሽታ ይለምደዋል፤ መታደስ ያስፈልገዋል። በወረታ የሩዝ ምርምር ማዕከል የተቋቋመውም ለዚህ ነው። ገበሬው የተበላሸ ዘር አንድ ጊዜ ስለደረሰው አዲስ ዘር አልዘራም አይልም። ዘሩ ከማን እጅ መጣ፣ ማን መሰከረለት፣ በማን ማሳ ታየ ብሎ ይጠይቃል። መተማመን ማለት ዓይን ጨፍኖ መቀበል አይደለም፤ ምንጩን አውቆ፣ ምስክሩን አይቶ መቀበል ነው። በኢሜይል የመጣን «ማሻሻያ» አለመንካት፣ ከሠሪው ከራሱ በቀጥታ የሚመጣውን ደግሞ አለማሳደር የሚባለው ምክር ከዚህ የገበሬ ጥበብ የተለየ አይደለም።

ኤክስ ዜድ የሚያስተምረው ዋናው ነገር ግን ስለ ሌባው ሳይሆን ስለ ደከመው ጠባቂ ይመስለኛል። ሌባው የገባው ሰዎች ሁሉ በሚጠቀሙበትና ማንም ባላገዘው ሰው ድካም በኩል ነው። እውነተኛ ረዳት ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሐሰተኛው ረዳት ቦታ ባላገኘ ነበር። በእኛ አገርስ? መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በክፍት ሶፍትዌር ሲገለገሉ ወጪ ቀነስን ብለው ይደሰታሉ። ከቆጠቡት ላይ ጥቂቱን፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር ለሚያጠኑ ልጆች ቀዳዳ የመፈለግና የመጠገን ሥራ ቢያውሉት ምን ይጎድልባቸዋል? ያ ወጣት ለአገሩ ብቻ ሳይሆን ለዓለሙ ወንፈል ይመልሳል። እስካሁን በሌሎች ማሳ የተሠራልንን እኛም በተራችን እንሠራለን ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ችግር ምስጋና የሌለው መሆኑ ነው። ውሃ ጥሶ የገባበት ክረምት ሲወራ ይኖራል፤ ግድቡ ተጠግኖ ያለፈውን ክረምት ግን ማንም አያስታውሰውም። ባንኩ ያልተዘረፈበት ሌሊት፣ የበሽተኛው መዝገብ ያልጠፋበት ቀን ዜና አይሆንም። ስለዚህ ቀዳዳውን ያየ ሰው ለሙገሳ ብሎ ከሆነ የሚሠራው ቶሎ ይሰለቻል። የሚጸናው፣ ከግድቡ ሥር የተኛው ሰው ሳይነቃ ቢነጋለት ደስ የሚለው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። እኛ ከእሱ ጋር አካፋ ይዘን መውጣታችን ነው የሚያጠራጥረው።